የሚዛኑ ስክሪን ብልጭ ድርግም ይላል፤ ደብል በፈሪንግ ትሩ ባደርገውም አልቆመም

ሒርማታ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ለአንድ የቡና መጋዘን የሚዛን ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። በሲ ሻርፕ፣ በዊንፎርምስ (የዊንዶውስ መስኮት መሥሪያ) የተጻፈ ነው። ዲጂታል ሚዛኑ በሲሪያል ፖርት ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዟል፤ በሰከንድ 10 ጊዜ ክብደት ይልካል። ፕሮግራሙ ክብደቱን በትልቅ ቁጥር ያሳያል። ከሥሩ ደግሞ የመስመር ግራፍ ይስላል።

ችግሬ ቁጥሩና ግራፉ የሚሳሉበት ፓነል ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ማለቱ ነው። መዛኙ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያይ ይውላል፤ ማታ ዓይኑን እያሻሸ ነው የሚወጣው። ከዚህ የባሰው ግን የአቅራቢዎቹ ነገር ነው። ሰውየው ከጎማ ወይም ከሊሙ ጀንፈሉን ጭኖ ይመጣል። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። ቁጥሩ በተርገበገበ ቁጥር «ሚዛናችሁ ይዘላል» ይላል። ሚዛኑ ተፈትሾ ልክ ነው። ስክሪኑ ግን እንዲጠራጠር ያደርገዋል፤ አልፈርድበትም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ታይመሩ በየ100 ሚሊሰከንዱ ይመታል። በክሬት ግራፊክስ የፓነሉን ግራፊክስ (መሳያውን) እወስዳለሁ። በነጭ አጸዳዋለሁ። ፍርግርጉን፣ ከዚያ መስመሩን፣ በመጨረሻ ቁጥሩን እስላለሁ። ስዕሉን መጀመሪያ በማይታይ ሜመሪ (በፈር) ላይ ያዘጋጃል የተባለውን የፎርሙን፣ ማለትም የዋናውን መስኮት፣ ደብልበፈርድ ፕሮፐርቲ ትሩ አድርጌ አብርቼዋለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ 7፣ 2 ጂቢ ራም። ምን ላድርግ?


ጊቤ ማዶ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:31

2 ጂቢ ራም ይዞ ግራፍ ማሳየት ከባድ ነው። ራም ጨምሩበት። ካልሆነ ግራፊክስ ካርድ ይግዙ።


አሮጌው ፕሮግራመር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:20

እህቴ፣ ሰዎቹን ገንዘብ እንዳታስወጫቸው። ይኼ የራም ጉዳይ አይደለም።

ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ነው እንበል። በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ በዚያች ቅጽበት ያገኘውን ምስል ያሳያል ማለት ነው። ስዕሉ አልቋል ወይ ብሎ አይጠብቅሽም። አንቺ ደግሞ ዓይን እያየ አራት ሥራ በተራ ትሠሪያለሽ፦ ነጭ ቀለም፣ ፍርግርግ፣ መስመር፣ ቁጥር። ስክሪኑ አንዳንዴ ከነጩ ላይ ይደርሳል፤ ባዶ ፓነል ያሳያል። አንዳንዴ ፍርግርጉ ተስሎ ቁጥሩ ገና ሳይጻፍ ይደርሳል። የምታዪው ብልጭታ ይኸው ነው፤ ያላለቀ ሥራ። ፈጣን ኮምፒውተር ብትገዙ ነጩ የሚታይበት ጊዜ ያጥራል እንጂ አይጠፋም።

ደብል በፈሪንግ የሚያደርገው ይህን ብቻ ነው። ምስሉ በሙሉ መጀመሪያ በማይታይ ሜመሪ ላይ ይሳላል። ነጩም እዚያው፣ መስመሩም እዚያው። ካለቀ በኋላ በአንዴ ወደ ስክሪኑ ይገለበጣል። እንግዳ ፊት ሊጥ አይቦካም፤ እንጀራው ጓዳ ተጋግሮ ነው ገበታ ላይ የሚቀርበው። በዚህ አሠራር አዲሱ ምስል በአሮጌው ላይ ይተካል። በመሀል ነጭ የሚባል ነገር የለም።

የአንቺ ለምን አልሠራም? ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛ፣ ፎርሙ ላይ ያበራሽው ለፎርሙ ብቻ ነው። ፓነሉ በዊንዶውስ ዓይን የራሱ መስኮት ነው። የፎርሙ በፈር አይመለከተውም።

ሁለተኛውና ዋናው ክሬት ግራፊክስ ነው። እሱ የሚሰጥሽ ግራፊክስ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ የሚስል ነው። በፈር ብታበሪም በጎን አልፎት ይሄዳል። ለማረጋገጥ ታይመሩን አቁሚና መስኮቱን አሳንሰሽ መልሺው። ስዕሉ ጠፍቶ ታገኚዋለሽ፤ ምክንያቱም ፓነሉ ምን እንደተሳለበት የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈዪው። ታይመሩ ምንም አይሳል። አዲሱን ክብደት ሊስት ውስጥ ይጨምር፣ ፓነሉን ኢንቫሊዴት ይበለው (እንደገና ይሳል ብሎ ምልክት ያድርግበት)፣ ይውጣ። መሳል ያለበት በሙሉ የፓነሉ ኦንፔይንት (ፓነሉ መሳል ሲኖርበት ሲስተሙ የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ ይግባ። እዚያ ውስጥ ሲስተሙ ራሱ ያዘጋጀልሽ ግራፊክስ አለ፤ በእሱ ሳዪ። ኦንፔይንት በማንኛውም ሰዓት ቢጠራ ከሊስቱ ተነስቶ ሙሉውን ስዕል መሥራት መቻል አለበት። ይህን ካስተካከልሽ ግማሹ ችግር ሄደ።


ሒርማታ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:52

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መስኮቱን አሳንሼ መለስኩት፤ እንዳሉት ባዶ ሆነ። አሁን ስዕሉን ወደ ኦንፔይንት አዛውሬዋለሁ። የፓነሉን ደብልበፈርድ ትሩ ላደርግ ስል ግን ኮምፓይለሩ እምቢ አለ። ፕሮቴክትድ ነው ይለኛል። ከውጭ አይነካም ማለት ነው?


ቦሳ ሰፈር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:05

ከውጭ አይነካም፤ ከውስጥ ግን ይነካል። ከፓነል የሚወርስ ትንሽ ክላስ ፍጠሪ። ኮንስትራክተሩ (ፓነሉ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ ደብልበፈርድን ትሩ አድርጊ። እዚያው ሪሳይዝ ሪድሮው የሚባለውንም ትሩ አድርጊ፤ አለበለዚያ መስኮቱ ሲሰፋ አዲሱ ክፍል ብቻ ይሳልና ግራፉ የተቆራረጠ ይመስላል። ፕሮጀክቱን አንዴ ቢልድ ካደረግሽ ቱልቦክሱ ውስጥ ይመጣልሻል፤ የድሮውን ፓነል በእሱ ተኪው።

ፕሮፐርቲው ከዶት ኔት (ሲ ሻርፕ የሚሠራበት መድረክ) 2.0 ጀምሮ ነው ያለው። በ1.1 ጊዜ ሴትስታይል እየጠራን ሦስት ነገር ለየብቻ እናበራ ነበር፦ ዩዘር ፔይንት፣ ኦል ፔይንቲንግ ኢን ደብሊው ኤም ፔይንት እና ደብል በፈር። የድሮ ኮድ ውስጥ ብታዪው እንዳይገርምሽ።


ጊቤ ማዶ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:11

ወይም ፒክቸርቦክስ ተጠቀሚ። እሱ ሲፈጠር ጀምሮ ደብል በፈር ነው። ክላስ መፍጠር አያስፈልግም፤ የፔይንት ኢቨንቱን መያዝ ብቻ ነው።


አሮጌው ፕሮግራመር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:18

ጊቤ ማዶ ልክ ነህ። ለዚህ ሥራ እሱም ይበቃል።

ስለ ራሙም ቁጥሩን እንየው። የእህታችን ፓነል 1000 በ400 ፒክስል ቢሆን፣ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት፣ 1.6 ሚሊዮን ባይት ነው። ሙሉ 1366 በ768 ስክሪን እንኳ ወደ 4.2 ሚሊዮን ባይት ነው። ለ2 ጂቢ ኮምፒውተር ይህ ምንም ማለት አይደለም።


አዌቱ ዳር፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 3:40

ርዕሱ ካልተቀየረ እኔም ልጠይቅ። ተማሪ ነኝ። የማለፊያ ፕሮጀክቴ የመንገድ ትራፊክ ሲሙሌሽን ነው፤ በጃቫ ስዊንግ (የጃቫ መስኮት መሥሪያ)። ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለውን መንገድ ስዬ ባጃጆቹን አስሄዳለሁ። ባጃጆቹ ሲንቀሳቀሱ መንገዱ በሙሉ ብልጭ ይላል። ስዊንግ በራሱ ደብል በፈር ያደርጋል ተብለን ነበር የተማርነው።


ቦሳ ሰፈር፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4:02

የተማርከው ትክክል ነው። የጄፓነልን ፔይንት ኮምፖነንት ነው ወይስ የጄፍሬምን ፔይንት ነው ኦቨርራይድ ያደረግኸው (በራስህ ኮድ የተካኸው)?


አዌቱ ዳር፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4:06

የጄፍሬሙን ፔይንት።


ቦሳ ሰፈር፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4:25

እዚያ ጋ ነው ያመለጠህ። ስዊንግ በፈር የሚያደርገው ውስጥ ላሉት ኮምፖነንቶች ነው። ጄፍሬሙ ራሱ ከውጭ ያለው ከባዱ መስኮት ነው፤ እሱ ላይ በቀጥታ የምትስለው በበፈሩ አያልፍም። ከጄፓነል የሚወርስ ክላስ ሥራ። ፔይንት ኮምፖነንትን ኦቨርራይድ አድርግ። የመጀመሪያው መስመር ሱፐር ዶት ፔይንት ኮምፖነንት ይሁን፤ ካልሆነ የድሮዎቹ ባጃጆች አይጠፉም፣ መንገዱ በባጃጅ ጥላ ይሞላል። ከዚያ ፓነሉን ፍሬሙ ውስጥ ክተተው።

ሌላም አለ። ባጃጆቹን የምታስሄደው በሉፕ ውስጥ ትሬድ ዶት ስሊፕ እያልክ ከሆነና ሉፑ ያለው በተን ሲጫን በሚሠራው ሜተድ ውስጥ ከሆነ፣ ሉፑ እስኪያልቅ ምንም አይሳልም። የጃቫ ስክሪን ሥራ በሙሉ በአንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ነው የሚሄደው። እሱን ካስተኛኸው ሁሉም ይተኛል። የስዊንግን ታይመር ተጠቀም፤ በመታ ቁጥር ባጃጆቹን አንድ እርምጃ አስኪድና ሪፔይንት በል።

ስዊንግን ትተህ ከእሱ በቀደመው የጃቫ መሥሪያ፣ በኤደብሊውቲ ካንቫስ ከሠራህ ግን በፈሩን ራስህ መጠየቅ አለብህ። ክሬት በፈር ስትራቴጂ ብለህ 2 (ሁለት በፈር ማለት ነው) ትሰጠዋለህ። ለጌም ጥሩ ነው። ለማለፊያ ፕሮጀክት ስዊንጉ ይበቃሃል።


አዌቱ ዳር፣ ረቡዕ ከቀኑ 6:15

ሠራ! ወደ ጄፓነል አዛወርኩት፤ ብልጭታው ድራሹ ጠፋ። ገለቶማ ወንድሜ!


እሸት፣ ረቡዕ ከቀኑ 8:30

በፓይተን ቲኪንተር (የፓይተን መስኮት መሥሪያ) ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው በየዙሩ ካንቫሱን ዲሊት ኦል ብሎ ሁሉንም መስመር እንደ አዲስ ይፈጥራል። መጀመሪያ ደህና ይሠራል። መስመሩ ሲበዛ መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ይርገበገባል። የካንቫሱ ዕቃዎች ስም ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ አንዴ ይፈጠራሉ። ከዚያ በኋላ ኮርድስ በሚለው ቦታቸውን፣ በአይተም ኮንፊግ ደግሞ ቀለማቸውንና ጽሑፋቸውን መቀየር ነው። እኔ የችግኝ ጣቢያ የእርጥበት ግራፍ በዚህ ነው የማሳየው፤ ያለ ምንም ብልጭታ ይሄዳል።

ኪዩት የሚባለውን የመስኮት መሥሪያ የምትጠቀሙ ደግሞ ከኪዩት 4 ጀምሮ ዊጄቶቹ በራሳቸው ደብል በፈር ናቸው። እዛ ላይ ሌላ በፈር መደረብ ሥራ ማብዛት ነው።


ሸገር ኮደር፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:15

ከአዲስ አበባ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ እያንዳንዱን መስኮት በማይታይ ሜመሪ ላይ አስቀምጦ በኋላ ነው አንድ ላይ የሚያሳየው። ያ ራሱ ደብል በፈሪንግ አይደለም? ታዲያ እኛ ለምን እንደገና እናደርገዋለን?


አሮጌው ፕሮግራመር፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:40

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳታል።

ያልከው እውነት ነው። ዴስክቶፕ ዊንዶው ማናጀር የሚባለው ነው ያንን የሚሠራው። የእሱ ሥራ ግን መስኮቶቹን ማደራጀት ብቻ ነው። የአንተ ስዕል የት ላይ እንደደረሰ አያውቅም። ነጩን ቀብተህ ቁጥሩን ሳትጽፍ እሱ ተራው ከደረሰ፣ ነጩን አንስቶ ያሳያል። ስዕሉ ማለቁን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ሙሉውን አዘጋጅተህ በአንዴ መስጠቱ የአንተ ሥራ ነው።

ከዚያም በላይ በዊንዶውስ 7 ላይ ቤዚክ ወይም ክላሲክ ቲም (የመስኮቶች ገጽታ) ከተመረጠ ያ ማናጀር ይጠፋል። አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲፈጥን ብለው ብዙ ጊዜ ያጠፉታል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ነው ማጥፋት የቀረው። በእሱ ተማምኖ የተጻፈ ፕሮግራም የሒርማታን ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ይጋለጣል።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ። ስዕሉ ከመሀል ለሁለት ተከፍሎ፣ ላዩ አሮጌ ታቹ አዲስ ሆኖ ከታየ ያ ሌላ ችግር ነው። የሚመጣው ግልበጣው ስክሪኑ በሚታደስበት መሀል ሲገባ ነው። የሱ መድኃኒት ከስክሪኑ መታደስ ጋር እኩል መራመድ ነው፤ ቪሲንክ የሚባለው። ደብል በፈር ብቻውን አያድነውም።


ቦሳ ሰፈር፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3:30

በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በቀጥታ በዊን32 ለሚጽፍ ሰው ሂደቱን ላስቀምጥ። ዶት ኔት ውስጡ የሚያደርገውም ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ማወቁ አይጎዳም።

ደብሊው ኤም ፔይንት (ዊንዶውስ «ሳል» የሚልበት መልእክት) ሲመጣ ቢጊን ፔይንት ብላችሁ የስክሪኑን ዲሲ (መሳያ) ትይዛላችሁ። ከእሱ በክሬት ኮምፓቲብል ዲሲ የሜመሪ ዲሲ ትፈጥራላችሁ። ከዚያ በክሬት ኮምፓቲብል ቢትማፕ በመስኮቱ ልክ ቢትማፕ ትፈጥሩና በሰሌክት ኦብጀክት ወደ ሜመሪ ዲሲው ታስገባላችሁ። ሁሉንም እሱ ላይ ትስላላችሁ። በመጨረሻ በአንድ ቢትብሊት ወደ ስክሪኑ ትገለብጣላችሁ፤ አለቀ።

ሦስት ቦታ ላይ ሰው ይወድቃል። ቢትማፑን ስትፈጥሩ የምትሰጡት የስክሪኑን ዲሲ ነው። አዲሱን የሜመሪ ዲሲ ከሰጣችሁት ጥቁርና ነጭ ቢትማፕ ይሰጣችኋል፤ ቀለሙ የት ገባ እያላችሁ ትፈልጋላችሁ። ሁለተኛ፣ ደብሊው ኤም ኢሬዝ ባክግራውንድ (ጀርባውን አጽዳ የሚለው መልእክት) ሲመጣ ምንም ሳትስሉ 1 መልሱ። ካልሆነ ዊንዶውስ ራሱ ስክሪኑን ነጭ ይቀባዋል፤ በፈራችሁ እያለ ብልጭታው ይቀጥላል። ሦስተኛው የሚብሰው ነው፦ የድሮውን ቢትማፕ መልሳችሁ አዲሱን ዲሊት አድርጉ፣ ዲሲውንም እንደዚሁ። አንድ ፕሮግራም በተለመደው አቀማመጥ ሊይዝ የሚችለው የጂዲአይ ዕቃ (ቢትማፕ፣ ፔን የመሳሰለው የዊንዶውስ መሳያ) 10,000 ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ እየሳላችሁ በየዙሩ አንድ ሳታጠፉ ብትተዉ፣ በ17 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ስዕሉ ይቆማል፣ በተኑ ጥቁር ይሆናል።

ሒርማታ፣ አንቺም ይመለከትሻል። ኦንፔይንት ውስጥ በየጊዜው አዲስ ፔን፣ ብሩሽና ፎንት የምትፈጥሪ ከሆነ ሲያበቁ ዲስፖዝ አድርጊያቸው (አስለቅቂያቸው)። የተሻለው ደግሞ አንዴ ፈጥሮ ደጋግሞ መጠቀም ነው። የመጋዘን ፕሮግራም ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው።


ሒርማታ፣ ሐሙስ ከቀኑ 7:20

ዛሬ መጋዘን ወስጄ ጫንኩት። ነጩ ብልጭታ የለም! መዛኙ «ስክሪን ቀየራችሁ እንዴ?» አለኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ታይመሩን አውጥቼ ከሲሪያል ፖርቱ ዳታ ሪሲቭድ ኢቨንት (ዳታ ሲደርስ የሚጠራው ኮድ) ላይ በቀጥታ ሌብሉን ስቀይር የክሮስ ትሬድ ኤረር ይመጣል። ሁለተኛው፣ የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ አሁንም ይዘላል። ጆንያው ሲጫን 61.4፣ 61.8፣ 61.5 እያለ። ይህ ደግሞ የምን በፈር ይፈልጋል?


ቦሳ ሰፈር፣ ሐሙስ ከቀኑ 7:41

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ዳታ ሪሲቭድ የሚጠራው በሌላ ትሬድ ላይ ነው፤ ኮንትሮል መንካት የሚችለው የፈጠረው ትሬድ ብቻ ነው። ታይመሩን መልሺው። ኢቨንቱ ክብደቱን ሎክ አድርጎ (ሌላው ትሬድ በመሀል እንዳይነካው ቆልፎ) ሊስቱ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ታይመሩም በዚያው ሎክ ያንብብና ኢንቫሊዴት ይበል። ኢቨንቱ ራሱ ስክሪኑን መንካት ካለበት ሥራውን ለስክሪኑ ትሬድ በሚያስተላልፈው በቢጊን ኢንቮክ በኩል ይሁን።


አሮጌው ፕሮግራመር፣ ሐሙስ ከምሽቱ 1:30

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እህቴ፣ ያ መርገብገብ አይደለም። ጆንያው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሚዛኑ ያየውን ነው የላከው። ስክሪኑም የተላከውን በትክክል አሳይቷል። በምንም በፈር አይታከምም። ደግሞ እንዲያምር ብለሽ ቁጥሩን አማካይ እያደረግሽ እንዳታለሰልሺው እለምንሻለሁ። አቅራቢው የሚያየው ቁጥር ሚዛኑ የላከው ቁጥር መሆን አለበት። የሰው የዓመት ልፋት ነው እዚያ ጆንያ ውስጥ ያለው።

ይልቅ እንዲህ አድርጊ። ብዙ ዲጂታል ሚዛኖች ከክብደቱ ጋር ቁጥሩ ረግቷል ወይም አልረጋም የሚል ምልክት ይልካሉ። የሚዛኑን ማኑዋል እዪና ምልክቱን አንብቢ። እስኪረጋ ቁጥሩን በግራጫ አሳዪ። ሲረጋ ጥቁር ይሁን፣ የመመዝገቢያው በተንም ያን ጊዜ ብቻ ይከፈት። አቅራቢው በአንድ ቀን ይለምደዋል፤ ግራጫ ሲሆን ይጠብቃል፣ ጥቁር ሲሆን ያነባል።

ከዚህ በተረፈ ሁሉን በየዙሩ አትሳዪ። ቁጥሩ ካልተቀየረ ኢንቫሊዴት አያስፈልገውም። ቁጥሩ ብቻ ከተቀየረ የቁጥሩን ሬክታንግል ብቻ ኢንቫሊዴት አድርጊ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ይህ ከራም ይበልጣል።


ሒርማታ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2:05

ማኑዋሉን አሁን አየሁት፤ ምልክቱ አለ ጋሼ። እስከ ዛሬ ቁጥሩን ብቻ ቆርጬ እየወሰድኩ እሱን እጥለው ነበር። እንዳሉት አደርገዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆነው ይህንኑ ፕሮግራም በሪሞት ዴስክቶፕ ከፍተው ማየት ይፈልጋሉ። ኔትወርኩ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ይከብዳል?


ሸገር ኮደር፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2:22

ይህን እኔ ሞክሬዋለሁ። ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ደብል በፈር ዋጋ ያስከፍላል። ያለ በፈር «እዚህ መስመር ሳል፣ እዚህ ጻፍ» የሚል አጭር ትእዛዝ ነው በኔትወርኩ የሚሄደው። በበፈር ግን የተሳለው ነገር ምስል ሆኖ ነው የሚላከው፤ ምስል ደግሞ ይከብዳል። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ተርሚናል ሰርቨር ሴሽን የሚል ፕሮፐርቲ አለ። ትሩ ከሆነ ፕሮግራሙ የተከፈተው ከሩቅ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ በፈሩን አጥፊና ታይመሩን ከ100 ወደ 2000 ሚሊሰከንድ አርዝሚው። ባለቤቱ በየሁለት ሰከንዱ አንዴ ብልጭ ቢልባቸው አይጎዳቸውም፤ ጆንያውን የሚመዝኑት እሳቸው አይደሉም።


ሒርማታ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2:30

ገባኝ። መጋዘን ባለው ስክሪን በፈሩ ይቆያል፣ ለሪሞቱ ይጠፋል። ነገ ጠዋት መዛኙ ከመግባቱ በፊት እጭነዋለሁ።